ሦስት ለአራት

ቀን ፖስታ ቤት ውዬ ማኅተም እመታለሁ፤
ማታ የጂሙን በር በትከሻዬ ገፍቼ እከፍታለሁ።
ሮኪሽኪስ ትንሽ ናት፤ ክረምቷ ይረዝማል፤
የአዳራሹ ማሞቂያ እንደ ሽማግሌ ይስላል።
አሥራ አንድ ልጆች አሉኝ፤ በቁመት አልታደልንም፤
ትልቋ ሚልዳ እንኳን ትከሻዬን አታልፍም።

ስለዚህ ወጥመድ ነው የማስተምራቸው፤
ዞን ነው፤ ግን ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም፤ ጥርስ ያለው።

«አንዷ ከፊት፣ ሦስት በመሃል፣ አንዷ ደግሞ ከኋላ።»
ወለሉ ጠመኔ ጠግቧል፤
ጽዳቷ ዳኑቴ ታጉረመርማለች ባልዲዋን አንጠልጥላ።

«ኳሱን ይዛ ስትመጣ በሩን አትዝጉባት፤
በመስመሩ በኩል ትንሽ ክፍተት ተዉላት፤
ራሷ የመረጠችው መንገድ ይምሰላት።
መሃሉን ስታልፍ ግን፣ ያኔ ዙሩባት፤
አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከጎን፣ ጉልበት ለጉልበት።
የጎን መስመሩ ሦስተኛ ነው፣ የመሃሉ አራተኛ፤
ውሃ የማይጠይቁ፣ የማያለከልኩ፣ ሁለት ተጫዋቾች ለእኛ።»

ኡግኔ እጇን ትልካለች። ሁልጊዜ እጇን ትልካለች።
«ኳሱን አትንኪ!» ስላት፣
«ታዲያ ምኗን ልስረቅ?» ትለኛለች።

«ጊዜዋን።
ኳሱን ተዪው፤ ጊዜዋን።
እጅሽን ወደ ላይ፤ የምታይበትን መስኮት ዝጊ፤
አምስት በሆድሽ ቁጠሪ፤ በእግርሽ እንጂ በእጅሽ አትዋጊ።»

ከዚያ ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤
ለወላጆች አላሳየሁም፤ ከልጆቹ ግን አልደበቅኩት፦
ሁለታችን አንዷን ስንይዝ፣ ሦስት እንቀራለን ለአራት።
አንዷ ሁልጊዜ ብቻዋን ናት።
የሆነ ቦታ፣ እጇን ዘርግታ።
ወጥመድ ማለት እንግዲህ፣
እሷ ሳትታይ ሰዓቱ እንዲያልቅ መመኘት ነው በዝምታ።

ስካይስቴ ጠየቀች፤ ከኋላ የምትቆመው፣ ሩጫዋ የሚከብዳት፦
«ያቺን ብቻዋን ያለችውንስ፣ ማን ነው የሚጠብቃት?»
«አየሩ» አልኳት።
ይህን የተማርኩት ከፖስታ ቤት ነው፦
ከፍ ብሎ የተላከ ይዘገያል፤
መንገድ ላይ ያለ ደብዳቤ
ከላኪው ወጥቷል፣ ተቀባዩ ገና ነው፤
መሃል ገብቶ ለሚሮጥ ሰው ነው።

«ዓይኗን እዪ፣ ትከሻዋን እዪ፤ ከሁለቱ ወደ ቅርቧ ሩጪ፤
ሩቋ የእኔ ዕዳ ናት፤ አንቺ እንቅልፍሽን አትጪ።»

ቅዳሜ ፓኔቬዢስ ሄድን። ሠራ። ማመን አቃተኝ፤
ቀይ ሪባን ያሰረችው፣ የእነሱ ባለ ቁጥር ዘጠኝ፣
ሦስት ጊዜ ጥጉ ውስጥ ገባች፤ ሦስት ጊዜ ፊሽካ ተነፋባት፤
ቀና ብላ አሰልጣኟን አየች፤
እሱ ጫማውን አየ፤ የሚላት ጠፋበት።

ሃያ ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ እንመራለን፤
እንደገና ያዝናት፤ በሆዳችን እንቆጥራለን፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት —
በጣቶቿ ቆማ ወረወረችው፣ ከኡግኔ መዳፍ በላይ፣
ቀስ ብሎ፣ እንደ ገና ሰሞን ደብዳቤ፣ ሁላችን አንጋጠን ስናይ።

ስካይስቴ ሮጠች። ወደ ቅርቧ። እንዳልኳት።
ኳሱ ወደ ሩቋ ሄደ፤
አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ጨዋታውን ሙሉ ማንም ኳስ ያላቀበላት።
ጊዜ ነበራት።
የጫማዋን ክር እንኳ ማሰር ትችል ነበር።
አገባች።

በመልሱ አውቶቡስ መስኮቱ ሁሉ አልቦት ነበር፤
ኡግኔ በጣቷ ክብ ትስላለች፣ ታጠፋለች፤ ማንም አይናገር።
ስካይስቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።
«አይቻት ነበር» አለች።
«ሩቋን። ዓይኗ ወደዚያ ሲሄድ አውቄ ነበር።»
«ታዲያ?»
«ወደ ቅርቧ ሩጪ ብለሽኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ጥድ ብቻ፣ ጥድ፣ በረዶ፣ ጥድ።
ሁለት ሰው የያዘኝ መሰለኝ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፤ የለኝም መንገድ።

ማክሰኞ አዳራሹን ከፈትኩ፤ ማሞቂያው ሳለ።
ክቦቹን ልስል ጎንበስ ብዬ፣ እጄ ወለሉ ላይ ዋለለ።
ጠመኔውን ለስካይስቴ ሰጠኋት።
ዳኑቴ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።
ልጅቷ ሜዳውን ዞረች፤ የአምናውን ክቤን በጫማዋ አሸችው፤
ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ወጥታ
«እዚህ ነው የምቆመው» አለች፣ በመስቀል ምልክት አደረገችው።